ላብ ያልፈሰሰበት ብር

ሲመሽ ፈላና በር አካባቢ ጅብ እራቱን ይበላል። የመኪና መብራት ይበራለታል፣ ሥጋ በእንጨት ጫፍ ይቀርብለታል፣ እንግዳ ሰው ፎቶ ያነሳዋል፤ እሱም በልቶ ወደመጣበት ጨለማ ይመለሳል። «ምን ሠርተህ?» የሚለው የለም። የሐረር ሽማግሌዎች የዚህን ወግ መነሻ ሲያወሩ ድሮ አንድ ክፉ የረሃብ ዘመን እንደነበር ይናገራሉ። ጅቡም ተርቦ ከብቱንም ሰውንም ባስቸገረ ጊዜ አባቶች መከሩና ገንፎ አገንፍተው አወጡለት፤ ከዚያ ወዲያ በጅብና በከተማው መካከል ሰላም ወረደ። በአሹራ ሌሊት ቅቤ የጠገበ ገንፎ የሚቀርብለት ይህንኑ ቃል ኪዳን ለማደስ ነው። ጅቡ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል። ፊቱን አዙሮ ከሄደ ግን አያድርስ።

አፈ ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን የታሪክ ሰዎች ይጨነቁበት። እኔን የሚገርመኝ ውሉ ነው። ራሱ የተራበ ከተማ ለተራበ አውሬ ሲሰጥ በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳትበላን። ድንጋይ ተሸከም፣ ጉድጓድ ቆፍር፣ መራብህንም በሦስት ምስክር አረጋግጥ አላለውም።

በነጋታው ጠዋት በዚያው በር ሰው ይገባል። ከከተማው ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ሴቶች እንጨት፣ ወተትና አትክልት ተሸክመው፣ ወንዶች አህያ እየነዱ ይመጣሉ። ጀጎል ግንብ እንጂ ማሳ የለውም፤ ዘመኑን ሁሉ የኖረው በበሮቹ የሚገባለትን እየበላ ነው። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መሬታቸው ከአንድ ሄክታር እጅግ ያነሰ፣ ማሽላውንም ጫቱንም ኦቾሎኒውንም በአንዲት ቁራጭ ላይ አጨናንቀው የሚያበቅሉ ገበሬዎች ናቸው። ዝናብ ሲቀር ወይም ገበያ ሲዘጋ እነሱም ሰጪ ፊት ይቆማሉ። ያኔ ታዲያ ውሉ ይረዝማል። (ገበሬን ከጅብ አነጻጸረ ብሎ የሚቆጣኝ እንዳይኖር፤ እኔ የማነጻጽረው ሰጪዎቹን ነው።)

ውሉ የቱን ያህል እንደሚረዝም ለማየት ሴፍቲኔትን መመልከት ይበቃል። ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ድርቅ በመጣ ቁጥር አገሪቱ እጇን ዘርግታ ወደ ለጋሾች ትወጣለች፤ እህሉ ተለምኖ፣ ተጭኖ፣ ወደብ ተራግፎ እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ጨርሷል። አዲሱ ሐሳብ እርዳታው አስቀድሞ የታወቀ፣ በየዓመቱ በወቅቱ የሚደርስ ይሁን የሚል ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። ኋላ ላይ ተጠቃሚው ወደ 8 ሚሊዮን ሰው ደረሰ፤ የሐረሪ ክልል ገጠርም በዚያ ውስጥ ነበረበት። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐረር አንዷ ሆነች።

ደንቡ እንዲህ ነው። ጉልበት ያለው ሠርቶ ይቀበላል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይቆጠራል፤ ይህም በዓመት ለ6 ወር ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 የሥራ ቀን ያዋጣል ማለት ነው። እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ መንገድ ይጠረጋል። ክፍያው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም የእሱ ግምት የሆነ ብር ነው። የደከሙ ሽማግሌዎች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ነፍሰ ጡሮች ሳይሠሩ ይቀበላሉ፤ የእነሱ መዝገብ «ቀጥታ ድጋፍ» ይባላል። የቀረው ሕዝብ ድጋፉ ጠመዝማዛ ነው እንበል፤ በአካፋ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 14 የየብስ ድንበር ለሰው ተዘጋ፤ መጋቢት 30 ለአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለሐረርጌ ገበሬ ድንበር ማለት ገበያ ማለት ነው። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ዕድሜው በሰዓት ይቆጠራል፤ ቲማቲምም ቢሆን ብዙ አይታገሥም። አውቶቡስ ግማሽ ሰው ጭኖ ሙሉ ዋጋ ማስከፈል ጀመረ። ሠርግ ቀረ፣ ድግስ ቀረ፣ ሻይ ቤቱ ወንበሩን ገለበጠ፤ ገበሬው የሚሸጥለት አፍ ሁሉ ጭምብል አደረገ። በዚያ ላይ ያ ዘመን የበረሃ አንበጣ ምሥራቁን የመታበት ዘመን ነው።

በሴፍቲኔት መንደርም አንድ ችግር ተፈጠረ። እርከን ሥራ ማለት መቶ ሰው አንድ ጎን ላይ ተሰልፎ ትከሻ ለትከሻ መቆፈር ነው። መንግሥት ደግሞ አትሰብሰቡ ብሏል። ስለዚህ የሕዝብ ሥራው ግዴታ ለጊዜው ቀረና ክፍያው ቀጠለ። በከተሞቹም ተጠቃሚው ከሥራ አርፎ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲሰጠው ተደረገ። ብሩ መጣ፣ አካፋው ቀረ። ለአሥራ አምስት ዓመት የፕሮግራሙ ምሰሶ ነው ሲባል የኖረው ነገር ያለ ብዙ ክርክር ተነሳ፤ ጣራውም አልወደቀም።

እኔ ከዚያ ወዲህ የማብሰለስለው ይህን ነው። ያለ ሥራው መስጠት የሚቻል ከሆነ ሥራው ለምን ነበር?

አንድ የግብርና ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። በዚያ ሰሞን ስንገናኝ፣ ሁለት ሜትር ተራርቀን ቆመን፣ በጭምብሉ ውስጥ ሆኖ ይጮኽብኝ ነበር።

«አቦ፣ ነገሩን እኮ አበላሹት! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ነጻ ነገር የለም ብለን ያስተማርነውን ገበሬ በሦስት ወር አስረሳነው። ነገ ተመልሰህ አካፋ አንሳ ብትለው የሚሰማህ ይመስልሃል?»

«ሲያነሳ አይደል እንዴ የኖረው?» አልኩት።

«ስለሚከፈለው ነዋ!»

«የዚህ ወር ደሞዝህ ገባልህ?»

«ገባ። ምን አገናኘው?»

«ቢሮ ስንት ቀን ገባህ?»

ጭምብሉን ወደ አገጩ አወረደና ሳቀ። የመንግሥት ሠራተኛው በዚያው በመጋቢት ወር ከቤትህ ሆነህ ሥራ ተብሎ ነበር። ከቤቱ ሆኖ ምን ያህል እንደሠራ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ደሞዙ ግን ሳይጎድል ደረሰው። ትክክልም ነው፤ ልጆቹ ይበላሉ። «ጥገኝነት» የሚለው ቃል ግን ያኔ ከማንም አፍ አልወጣም። ይህ ቃል የጫማ ቁጥር እንዳለው ሁሉ ለባዶ እግር ብቻ ነው የሚለካው።

ወዳጄን ግን በዚህ ብቻ ረታሁት ብል ውሸት ይሆናል። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው በሐረርጌ ተራሮች ላይ ነው። ከሐረር ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ ላይ የተጓዘ ሰው ያን ሁሉ እርከን አይቷል፤ አፈሩ ታጥቦ ያለቀ ገደል ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ማሽላ ሲበቅልበት። ከእጅ እንጂ ከሰማይ አልወረደም። «ይህን ያስቆመው ሰው የልጅ ልጁን ነው ያስራበው» ሲለኝ ዝም ነው ያልኩት። ሆኖም እርከኑ ለምድሪቱ ያን ያህል የሚያስፈልግ ከሆነ ሥራ ነው፤ ሥራ ከሆነ ደግሞ ደህና ደሞዝ ይከፈልበትና ጉልበቱ የጠና ይቀጠርበት። እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። ከመንደሩ በጣም የተራበውን መርጠን በጣም ከባዱን ሥራ ሰጠነው፣ ክፍያውንም የእህል ራሽን አደረግንና «እርዳታ» አልነው። ሲቆፍር ሠራተኛ ነው፤ ሲከፈለው ተረጂ ነው።

ሌላው ምክንያት በግልጽ አይነገርም እንጂ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ሥራው ፈተና ነው። በእውነት ያልተራበ ሰው ለ15 ኪሎ እህል ብሎ በጠራራ ፀሐይ አይቆፍርም፤ ስለዚህ የቆፈረ ሁሉ በእውነት የተራበ ነው። ብልህ ዘዴ ነው። እኔ መምህር ስለነበርኩ ፈተና ምን እንደሚመዝንና ምን እንደማይመዝን ጥቂት አውቃለሁ። ይህ ፈተና የሚመዝነው ረሃብን ሳይሆን ጉልበትን ነው፤ የተራበ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ የሚያጣው ጉልበቱን ነው።

ይህ ፈተና እስከ መጨረሻው ሲሄድ የት እንደሚያደርስ አየርላንድ አሳይታለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 የድንች በሽታ የአገሬውን ምግብ ባጠፋው ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ሰው በነጻ ከበላ ይሰንፋል ብሎ ሰጋና የመንገድ ሥራ ከፈተ። በመጋቢት 1847 ከ700 ሺህ በላይ ሰው በብርድ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ሥራው የተፈለገው ለመንገዱ ስላልነበረ መንገዶቹ አንዳንዶቹ የትም አይደርሱም፤ ሜዳ መሀል ይጀምሩና ሜዳ መሀል ያልቃሉ። ሰው ዶማ እንደያዘ እየወደቀ ሲሞት ያው መንግሥት ሥራውን ዘግቶ የሾርባ ማዕድ ከፈተ፤ በዚያ በጋ በቀን እስከ 3 ሚሊዮን ሰው ሾርባ ይጠጣ ነበር። ሾርባው ሳይሠራ የተሰጠ ነው። በዚያ ክፉ ዘመን ከተደረጉት እርዳታዎች ሁሉ በርግጥ ሰው ያዳነ ተብሎ የሚነሳው ያ ሾርባ ነው። እሱንም ቶሎ ዘጉት፤ የሰጪ ትዕግሥት አጭር ነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ሥራው ለእርከኑ ወይም ለፈተናው ሳይሆን ለተቀባዩ ፊት ቢሆንስ? «ሠርቼ ነው የበላሁት» የምትለውን ዐረፍተ ነገር የሚያህል ሀብት ድሃ ቤት ውስጥ የለም። ቆጥሮ የሚቀበለው ብር ጥቂት ቢሆንም ሚስቱ ፊትና ጎረቤቱ ፊት ቀና ብሎ ይዞት የሚገባ ነው። ይህን ሰው ብሩን ሰጥተን አካፋውን ስንቀማው የሰጠነው ይበልጣል ወይስ የወሰድነው?

በህንድ ላክናው በምትባል ከተማ ስለተሠራ አንድ ግዙፍ ሕንፃ የሚወራ ነገር አለ። በ1784 ረሃብ ሲገባ ናዋብ አሳፍ ኡድ ዳውላ የሚባለው ገዥ ሰዉ ሠርቶ እንዲበላ ብሎ ባራ ኢማምባራን ማሠራት ጀመረ። ተራው ሕዝብ ቀን ቀን ይገነባል። ረሃቡ ግን መኳንንቱንም አግኝቷቸው ነበርና እነሱ ደግሞ ሌሊት ሌሊት፣ ማንም ፊታቸውን በማያይበት ጨለማ፣ ቀን የተሠራውን በከፊል እያፈረሱ ይከፈላቸው ነበር ይባላል። አፈ ታሪክ ነው፤ ግን ሥራው ምን እንደነበር የገባው ሰው የፈጠረው አፈ ታሪክ ነው። ለመኳንንቱ ሥራው መሸፈኛ ነበር። ገዥውም ይህን ስለተረዳ ጨለማውን ጨመረላቸው።

እኛስ ለገበሬያችን ጨለማ ሰጥተነዋል? የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሚመረጠው በሕዝብ ፊት ነው። የቀበሌው ኮሚቴ ዝርዝር ያወጣል፣ ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበባል፣ ሰው ይከራከርበታል። ለሙስና መድኃኒት ነው፤ አመራረጡ ብዙ ቦታ ከተፈራው በላይ ትክክል የሆነውም ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚያውቅ ነው። ለፊት ግን መድኃኒት አይደለም። ድህነቱን ከጀጎል ግንብ ባልተናነሰ አጥር ሸፍኖ የኖረ ሰው ስሙ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያቺ ቀን ምን እንደምትመስል አስቡት። የ2012ቱ ማዕድ ማጋራት ላይስ ዘይትና ዱቄት ሲሰጥ ካሜራው ያተኮረው በማን ላይ ነበር? ክብሩን ለመጠበቅ ነው የምናሠራው የምንል ሰዎች ለክብሩ ያን ያህል የምንሳሳ ከሆንን መጀመሪያ ካሜራውን እናጥፋ።

ሐረር ይህን ጥያቄ ከሴፍቲኔት በፊት ብዙ መቶ ዓመት አስባበታለች። ዘካን ማለቴ ነው። በእስልምና ሥርዓት ከእህል የሚወጣው ዘካ በዝናብ የበቀለ ከሆነ ከአሥር አንድ ነው፤ ገበሬው ውሃ ቀድቶ ወይም ስቦ ያጠጣው ከሆነ ደግሞ ከሃያ አንድ ብቻ ነው። ይህችን ስሌት ደጋግሜ አስቤባታለሁ። ላብ ተቆጥሯል፤ ግን የማን ላብ? የሰጪው! የደከመ ገበሬ ያነሰ ይስጥ ተባለ። ተቀባዩ ምን ያህል ደክሟል የሚለው በሒሳቡ ውስጥ የለም፤ እሱ የሚጠየቀው መቸገሩን ብቻ ነው። እህሉም ስጦታ አይባልም፤ የችግረኛው ሐቅ ነው፤ ሰጪው እስኪያወጣው ድረስ የሰው ንብረት አጠገቡ አስቀምጧል።

ክርስቲያኑም ጎረቤት ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። አማርኛችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» ነው የሚለው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህች ቃል የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይወጣታል እላቸው ነበር። እኔን የሚመስል፣ እኔ ልሆነው የምችል ሰው። እጁን የዘረጋው እሱ ነው፤ የተሰየመው ግን ከእኔ ጋር ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ «ስለ ማርያም» ያለን ሰው መጀመሪያ ግቢውን ጥረግ የሚል ሰው መንደሩ ምን እንደሚለው ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ነውር የምናውቅ ሰዎች ስንሰበሰብና መንግሥት ወይም ለጋሽ ድርጅት ስንሆን ነውሩ መርህ ይሆንልናል።

ደግሞስ ገበሬው ተቀባይ ሆኖ የሚታየን ከመቼ ወዲህ ነው? የአገሩ መዝገብ የሚያውቀው በሰጪነት ነው። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የዚህ አገር ገበሬ ገባር ሆነ፤ ለባለሥልጣኑም ለወታደሩም ለበዓሉም አወጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳስተምር ተማሪዎቼ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚስቁበት ቦታ አለ፤ ባላገሮቹ ከግብር በላይ የተጠየቁትን መተያያ አናመጣም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ሲያምፁ፣ ፊታውራሪው ሊወጓቸው ዘምተው ተማርከው የሚመለሱበት። ያስቃል። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ነገር እጠይቃቸው ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻ ለሚቀበሉት ሁሉ ምን ሠርተዋል? በመቶ ዓመት ውስጥ ከገበሬው ቤት የወጣውን ሁሉ ደምረን፣ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ሁሉ ብናወራርድ 15 ኪሎዋ እርዳታ መባሏ ይቀርና የዕዳ ክፍያ ትሆናለች። ያውም ወለዱን ሳንቆጥር።

ሌላ አገር ገበሬ በዚያው ወረርሽኝ ምን አገኘ ብሎ የሚጠይቅ ካለ አሜሪካ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። በሚያዝያ 2012 የ19 ቢሊዮን ዶላር የገበሬ ድጎማ አወጀች፤ 16 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለአምራቾች የሚከፈል ነበር። ስሌቱ በምርትና በከብት ብዛት ነው፤ ጣሪያው ለአንድ ሰው 250 ሺህ ዶላር። ብዙ ያለው ብዙ አገኘ፤ ትንሿ እርሻ በትንሽነቷ ልክ ተሰጣት። አካፋ ያነሳ የለም፤ ለሩብ ሚሊዮን ዶላሩ እርከን የሠራም አልሰማሁም። ይሰንፋሉ ብሎ የፈራም አልነበረም።

የእኛው እንዴት ሆነ? በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ በገጠር በስልክ የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ከወረርሽኙ በፊትና በኋላ ያለውን ሲያነጻጽር፣ ሴፍቲኔት ውስጥ ባልነበሩ ቤቶች የምግብ ዋስትና የማጣት ዕድል በ11.7 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ፤ በሴፍቲኔት ውስጥ በነበሩት ግን በ2.4 ብቻ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያቺ ያለ አካፋ የደረሰች ብር ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ግን በሌላ በኩል ሲነበብ ያስደነግጣል። 11.7ቱ እነማን ናቸው? ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበሩት ናቸው። ዝርዝሩ የተዘጋጀው ከኮሮና በፊት፣ ለድርቅ፣ ለመሬት አልባውና ለደኸየው ነው። በመጋቢት 2012 የወደቀው ሰው ግን ከዚያ በፊት አልወደቀም ነበር። ኤረር ሸለቆ ውስጥ ማንጎና ኦቾሎኒ ያለው፣ ወይም ሐረር ዙሪያ አንድ ጥማድ የማትሞላ የጫት ማሳ ይዞ ልጆቹን የሚያስተምር፣ የመንደሩ ሚዛን «ደህና ነው» የሚለው ገበሬ ነው። የዚህን ሰው ገበያ የዘጋው ድርቅ አይደለም፤ ዋግም አልመታውም። ያስቆመው አዋጅ ነው። አዋጁ ልክ ነበር፤ የከተማውን ሳንባ ለማዳን የወጣ ነው። ነገር ግን ለሁላችን ጤና ሲባል የአንድ ሰው ጫት ማሳው ላይ አርጅቶ ሲቀር፣ የዚያ ሰው ጥያቄ የምጽዋት ወይም የሴፍቲኔት ጥያቄ አይደለም። የካሳ ጥያቄ ነው። መንገድ ለማስፋት የሰው ቤት ሲፈርስ ባለቤቱን «ድሃ መሆንህን አስመስክር» አንለውም፤ ቤትህን ለእኛ ብለን አፍርሰናልና እንካ እንለዋለን። ቢያንስ ሕጉ እንዲያ ይላል።

በዚያው ሚያዝያ ወር ለነጋዴው እስከ 2007 ዓ.ም. የተከማቸ የግብር ውዝፍ ዕዳ ተሰርዞለታል፤ መንግሥት ካሳ የሚለውን ሐሳብ ያውቀዋል ማለት ነው። መዝገብ ላለው ሰው አወቀው። ገበሬው መዝገቡ ማሳው ላይ ነው፤ የበሰበሰ ቲማቲም ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ወዳጄን ይህን ሁሉ ነገርኩት። በዝምታ አዳምጦ ሲያበቃ «እሺ፣ ለሁሉ ይከፈል ብትል ከየት መጥቶ?» አለኝ። የጨዋ ጥያቄ ነው። ካዝናው ጠባብ ነው፤ ሁሉን ልካስ የሚል መንግሥት ማንንም ሳይክስ ያልቃል። እኔም ለሁሉ ይበቃል አላልኩም። አይበቃም ማለትና አይገባቸውም ማለት ግን ሁለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን የሚናገር ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው፤ ሁለተኛውን የሚናገር ቀና ብሎ ነው። እኛ የመጀመሪያው ሲያሳፍረን ሁለተኛውን ለምደን ቀረን። አካፋውም እዚህ ላይ ነው የጠቀመን፤ እያንዳንዱን ኪሎ በላብ ስላስገዛነው፣ ያልደረሰውን ሰው ባሰብን ቁጥር «እሱም አልቆፈረም» ብለን እንተኛለን።

በነገራችን ላይ ሴፍቲኔት ውስጥ የቆየ ገበሬ ጥሪት ሲያፈራ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ይህም «ምረቃ» ይባላል። እኔ ስንቱን ተማሪ ጋውን አስለብሼ ያስመረቅሁ ሰው ብሆንም፣ ለመመረቅ የሚፈሩ ተመራቂዎች ያየሁት በዚህ ፕሮግራም ብቻ ነው። የሚፈሩትም በስንፍና አይደለም። ሁለት ፍየል ጨምረህ ተመርቀህ ስትወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት አንበጣ ወይም አዋጅ ቢመጣ፣ ዲፕሎማህን ይዘህ ከዝርዝሩ ውጭ ትቆማለህ።

ወረርሽኙ ሲያልፍ የሕዝብ ሥራው ተመለሰ። የወዳጄ ፍርሃት ከንቱ ሆነና ገበሬው አካፋውን አነሳ። ወዳጄም በዚህ ደስ አለው፤ እኔ ግን በዚህ ብቻ ደስ ሊለኝ አልቻለም።

የገጠር ሰው ነገሩን እንዴት እንደሚይዘው ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሐረርጌ ውስጥ ጉዛ የሚባል የመረዳጃ ሥራ አለ፤ ሌላው አገር ደቦ እንደሚለው ያለ ነው። ከአንድ የሐረር ዙሪያ መንደር የመጣ ሰው ሲያጫውተኝ፣ በዚያ ዓመት በስብሰባ ላይ የእሱ ስም ሳይጠራ የጎረቤቱ ስም ተጠራ። ሁለቱም መሬታቸው እኩል ነው፤ ኮሚቴው አንድ መስመር ማስመር ነበረበትና መስመሩ በሁለቱ አጥር መካከል አለፈ። «ተጣላችሁ?» አልኩት። «ለምን እንጣላለን?» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ፣ «ከሱ ጋር አልተጣላሁም» ሲል አረመው። በሰኔ የጎረቤቱን ማሽላ አረም ሲውጠው ጉዛ ተጠራ። ማልዶ ከደረሱት አንዱ እሱ ነበር።